መልስ፦ ፓይለት ካየው እንዴት ውሸት ይሆናል?
"ፓይለቶች ሳይቀሩ ዩፎ (ከሌላ ዓለም መጣ የሚባለውን ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) አየን እያሉ እንዴት አታምንም?" ላልከው፦ ዋሹ አልወጣኝም። ማየትና ያዩትን ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ጨለማ ሰማይ ላይ ያለ ብርሃን መጠኑ ካልታወቀ ርቀቱም ፍጥነቱም በዓይን አይለካም። ፕላኔቷን ቬነስን ውሰድ፤ አድማስ ላይ ዝቅ ስትል ቀይ አረንጓዴ እያለች ትብለጨለጫለች፣ በመኪና ስትሄድ ደግሞ የምትከተልህ ትመስላለች።

የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ከሰበሰባቸው 12,618 የዩፎ ሪፖርቶች 701ዱ ምንነታቸው ሳይለይ ቀርቷል። ሁሉም የሚመዛት ይቺን ቁጥር ነው። "አልታወቀም" ማለት እኮ "ከሌላ ዓለም መጣ" ማለት አይደለም። (ዛሬ ሁሉም ካሜራ በኪሱ ይዞ ፎቶው አሁንም ብዥ ያለ ነጥብ ነው!)

አንተ ያየኸው በሰልፍ የሚሄድ የመብራት ሰንሰለት ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ይመስለኛል። ወደ ህዋ በመጠቁ ሰሞን፣ ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳይቆይ ወይም ሊነጋ ሲል ልክ እንደዚያ ነው የሚታየው።