መልስ፦ መኪናዬን ራሴ ላጥብ፣ ከምን ልጀምር?

ወንድሜ፣ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ፒያሳ የምትመላለስባትን መኪና ራስህ ልታጥብ አስበህ ከምን እንደምትጀምር ጠይቀሃል። ከአቧራው ጀምር። የበጋ አቧራችን ደቃቅ አሸዋ አለበት። በደረቁ ከወለወልከው ቀለሙን ይጭረዋል። ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አግድም እየው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ከጣሪያው ወደ ታች አፍስስ። ከዚያ 2 ባልዲ ያዝ፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። አንድ በር አጥበህ ጨርቁን በማለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ እሸው። ባልዲው ስር የሚዘቅጠውን አሸዋ ስታይ ነገሩ ይገባሃል። ውሃ በጠፋ ሰሞንም ለትንሽ መኪና 2 ጀሪካን ይበቃል። ኦሞ ይቅርብህ፣ የቀለሙን ሰም ያነሳዋል፤ የመኪና ሻምፖ ግዛ። ቸርኬው የፍሬን ብናኝ ስላለበት የራሱ ጨርቅ ይኑረው።

ጠዋት፣ ጥላ ስር እጠብ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐዩ ሳሙናውን ቶሎ አድርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። ሲያልቅ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አድርቅ።

አደራህን፣ አንገረብ ወንዝ ዳር ወርደህ እንዳታጥብ። ወንዙ ላይ ያለው ግድብ የምንጠጣው ውሃ ነው።