የእናትዎ ጥርስ መሃል ለመሃል የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

አንዲት እህት ከደሴ ጽፈውልኛል። እናታቸው 68 ዓመታቸው ነው። የቀሩት ጥርሶቻቸው ተነቅለው ወር ሳይሞላ ከላይም ከታችም ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን የታችኛው ሲበሉ ይነሳል። ድዳቸው ይቆስላል፤ አንዱ ሲድን ሌላ ቦታ ላይ ይወጣል። የላይኛው ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ጀምሮ ወደ ኋላ ተሰንጥቋል። አንዴ ተጠግኖ ነበር፤ በሦስተኛው ወር እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። አሁን ወንድማቸው በሱፐር ግሉ አጣብቆታል፤ እናትም አድርገውት ይተኛሉ። ጥያቄው «የተሻለ ማጣበቂያ የቱ ነው?» የሚል ነው።

እህቴ፣ ማጣበቂያውን ለጊዜው እንተወው። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳልጨርስ የጠረጠርኩት ድዱን ነው። ቁስሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቢመላለስ ኖሮ «የጥርሱ ጠርዝ ረዝሟል» እል ነበር። ቦታ የሚቀያይር ቁስል ግን ጥርሱ እየዋለለ መሆኑን ነው የሚናገረው። የመሃሉ ስንጥቅ ሲጨመርበት ነገሩ አንድ ይሆንብኛል። ጥርሱ የተሠራው ለዛሬው ድድ አይደለም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ለነበረው ድድ ነው።

ይህችን ነገር ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ጥርስ ሲነቀል፣ ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እየሟሟ ይሄዳል። ብዙው የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ከዚያም ቀስ እያለ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ይልቅ በአራት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ቀድሞ የሚላላው የታችኛው የሆነው ለዚህ ነው። ከላይ ደግሞ የሚቀንሰው ዙሪያው፣ ጥርስ የነበረበት ቦታ ነው። የላንቃው መሃል ብዙም አይለወጥም። እስቲ ምጣድ ያስቡ። ሦስቱ ጉልቻዎች መሬት ውስጥ ሰመጡ እንበል፤ ከሥሩ ደግሞ መሃል ላይ አንድ ድንጋይ ቀና ብሎ ቀረ። ምጣዱ የሚያርፈው በዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። በግራ ሲጫኑት ቀኙ ይነሳል፣ በቀኝ ሲጫኑት ግራው። አንድ ቀን መሃሉን ለሁለት ይላል። የእናትዎ የላይኛው ጥርስም በእያንዳንዱ ጉርሻ ላንቃቸው ላይ እንዲህ ሲወዛወዝ ነው የከረመው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠስ፣ ፕላስቲኩም እየደከመ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ክፍተት ካልተሞላ በምንም ቢጣበቅ ይሰነጠቃል።

በታችኛው ጥርስ ራስዎ ያረጋግጡ። እናትዎ አፋቸውን በውሃ ይጉመጥመጡ፣ ጥርሱን ያድርጉት። በግራ በኩል መንጋጋ ጥርሶቹን በጣትዎ ወደ ታች ይጫኑ። ቀኙ ብድግ ካለ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

የላይኛውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አያድርጉት። የተሰነጠቀ ጥርስ አፍ ውስጥ አይገባም፤ ተደርጎም ፈጽሞ አይተኛም። በእንቅልፍ ላይ ስባሪው ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ሮዝ የሆነው ፕላስቲክ ደግሞ በተለመደው ራጅ ላይ አይታይም። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ «ምንም የለም» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

ሱፐር ግሉ ለአፍ የተሠራ አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለምሠራውና ለምጠግነው ለእኔም ጠላት ነው። ስባሪዎቹን በትንሹ አዛንፎ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በልካቸው መግጠም ፈተና ነው። እባክዎ ሙጫውን በአሴቶን ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ አሴቶን ጥርሱን ራሱን ያሟሟዋል። ያለበትን ሁኔታ ሳይነኩ፣ የወደቀች ፍርፋሪም ካለች ጨምረው ያምጡ።

የመጀመሪያው ጥገናም አናዶኛል። ስንጥቁ ላይ ዱቄትና ፈሳሽ ለውሶ ቀብቶ በአሥር ደቂቃ መስጠት ጥገና አይባልም። ስባሪዎቹ ተገጣጥመው ከሥራቸው ጀሶ ይፈስሳል። ስንጥቁ በደንብ ይከፈታል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ከዚያ ይሞላል። የሚሠራልዎት ሰው ጀሶ ሳያነሳ ከጀመረ ጥርስዎን ተቀብለው ይውጡ።

እናትዎ የሚያስፈልጋቸው ከጥገናው ጋር ሪላይን ነው። አዲስ ልክ ተወስዶ የጥርሱ ውስጥ ይሞላል ማለት ነው። ልክ ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሁለቱንም ያውልቁ። ባበጠ ድድ ላይ የተወሰደ ልክ፣ እብጠቱ ሲወርድ ተመልሶ ይላላል። ጥርሶቹ አልቀው አገጫቸው ወደ አፍንጫ እየቀረበ ከሆነ ግን ሪላይን አይበቃም፤ አዲስ ይሠራ። አዲስ ከሆነም በሙቀት የሚበስለውን ፕላስቲክ ይጠይቁ። ሳይበስል የሚደርቀው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይሰባበራል፣ አንዳንዱንም ሰው አፉን ያቃጥለዋል።

እስከዚያ ለቁስሉ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ እያደረጉ ይጉመጥመጡ። ሚጥሚጣውና ቆሎው ይቆዩ፤ ሽሮ ፍትፍት ይሻላቸዋል። በምላጭ ወይም በጥፍር ሞረድ አትሞርዱት። ጥርሱ ወልቆ በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካለ ለእኔ አይደለም፤ በቶሎ ሐኪም ይየው። የአፍ ካንሰርም እንደ ተራ ቁስል ነው የሚጀምረው።

ወደ ጠየቁኝ ማጣበቂያ ልመለስ። ከፋርማሲ የሚገዛው የጥርስ ማጣበቂያ ልኩ ለሆነ ጥርስ መጠነኛ ድጋፍ ነው። የምስር ፍሬ የምታህል፣ ሦስት ወይም አራት ቦታ ትበቃለች። ዚንክ የሌለውን ይምረጡ፤ ዚንክ ያለው በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። ቁስል ላይ አይቀባም።

ተሠርቶ ሲመጣ፣ ሲያጥቡት ከሥሩ ውሃ ያለበት ሳፋ ያስቀምጡ፤ ከእጅ ቢያመልጥ አይሰበርም። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በፈላ ውሃ አይሁን፤ ይጣመማል። ማታ ይውለቅ፣ ክዳን ባለው ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። የላይኛውን ግን ዛሬ ማታውኑ ያስወልቋቸው፤ እስኪጠገን አይጠብቁ።