ባሪያዬ፣ ብላቴናዬ ወይስ አገልጋዬ?

ጥያቄ፦ «ኢሳይያስ 42፥1 ላይ ‹እነሆ ደግፌ የያዝሁት ባሪያዬ› ይላል። ማቴዎስ 12፥18 ይህንኑ ሲጠቅስ ግን ‹እነሆ የመረጥሁት ብላቴናዬ› ይላል። በጥናት ቡድናችን ስለ ምዕራፍ 53 ትንሽ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። አንዱ ‹ባሪያ ስድብ ነው፣ አገልጋይ እንበል› አለ። ሌላው ደግሞ ርእሱ ‹የባሪያው መዝሙር› ከሚሆን ‹የባሪያው ቅኔ› ቢባል ያምራል ባይ ነው። የትኛው ነው ትክክል?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ሦስት ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ብዘገይ ይታገሡኝ።

የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ነው የምናገረው። ተርጓሚዎቹ አልተምታታባቸውም። ዕብራይስጡ በኢሳይያስ «ዔቤድ» ይላል። ሥሩ ዐ-በ-ደ ነው፤ ሠራ፣ አገለገለ ማለት ነው። ከእኛ «አበደ» ጋር እንዳያዛምዱት፤ የእኛው በግእዝ በአልፍ ነው የሚጻፈው፣ የእነሱ በዐይን ነው። ዘመዱን ከፈለጉ «ገብር»ን ይመልከቱ። እሱም «ገብረ»፣ ሠራ ከሚለው የወጣ ነው። ሥሩ ሌላ፣ መንገዱ ግን አንድ። ገበሬም ግብርም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ነቢዩ አብድዩ ስሙ ሲፈታ «የእግዚአብሔር ባሪያ» ነው። ዐረቡ አብደላ ይለዋል፣ እኛ ገብረ እግዚአብሔር እንላለን።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ኤርምያስ 38 ላይ ያለው ሰው ነው። ነቢዩን ከጭቃው ጕድጓድ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ጎትቶ ያወጣው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ይባላል። በዕብራይስጥ «ዔቤድ ሜሌክ» ነው፣ የንጉሥ ባሪያ። ድ መንገድ ላይ ወድቃ ስሙ እኛ ዘንድ አቤሜሌክ ሆኖ ደረሰ። ለጥያቄዎ የግድ አያስፈልግም፤ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ብላቴናስ ከየት መጣ? ከግሪኩ ነው። ብሉይን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት «ዔቤድ»ን ብዙ ቦታ «ፓይስ» ብለው ተረጐሙት። ፓይስ ልጅም ነው፣ ባሪያም ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤት ሠራተኛዋን «ልጅቷ» እንላለን። «ብላቴና»ም ሁለቱንም ይዟል፤ ትንሽ ልጅ ነው፣ በቤተ መንግሥት ደግሞ ከንጉሥ ፊት የማይለይ አሽከር ነው። «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ የዚያ ቅሪት ነው። ማቴዎስ በግሪክኛ ሲጽፍ ፓይስ አለ፤ አማርኛውም ብላቴና አለ። እንዲህ ልክክ የሚል ቃል በትርጉም ሥራ ሁልጊዜ አይገኝም።

የሐዋርያት ሥራም ያንኑ ቃል ይዞ ይሄዳል። 3፥13 ላይ «ብላቴናውን ኢየሱስን» ይላል። 4፥27 ላይ «በቅዱሱ ብላቴናህ በኢየሱስ» ይላል። ከዚያው በላይ 4፥25 ላይ ዳዊትም «ብላቴናህ» ተብሏል። ስለዚህ ቃሉ ገና የመለኮት ማዕረግ አልሆነም፤ የአገልጋይነት ሽታው አለ። ግን «ልጅ» የሚለውም ከውስጡ ብቅ ማለት ጀምሯል። ማርቆስ 1፥11 ላይ በጥምቀቱ ከሰማይ የመጣው ድምፅ «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ፥ በአንተ ደስ ይለኛል» ሲል ብዙ ተርጓሚዎች የኢሳይያስን «ነፍሴ ደስ የተሰኘችበት» ይሰሙበታል። ባሪያዬ፣ ብላቴናዬ፣ ልጄ። የክርስትናው አተረጓጐም ከነቢዩ ተነሥቶ የት እንደደረሰ በእነዚህ ሦስት ቃላት ይታያል። «አንድ ዓይነት እናድርጋቸው» የሚለኝ አርታኢ ሲመጣ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። በአራማይክ «ጣልያ» የሚባል ቃል አለ። ልጅ ነው፣ አሽከር ነው፣ የበግ ግልገልም ነው። ሴቴው ማርቆስ 5፥41 ላይ አለች፤ «ጣሊታ ቁሚ»። አማርኛችን ራሱ «አንቺ ብላቴና ተነሽ» ብሎ ፈትቶታል። ግእዙ «ጠሊ» ብሎ ፍየሏን የሚጠራበት ቃልም ከዚህ ሥር ነው። እንግዲህ ባለፈው መቶ ዓመት የተነሡ አንዳንድ ምሁራን ዮሐንስ መጥምቅ «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» ያለው በአራማይክ ጣልያ ብሎ ይሆናል፣ ይህም በአንድ አፍ የኢሳይያስን ባሪያና የሚነዳውን ጠቦት መጥራት ነው አሉ። እንዴት ደስ ይላል! ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። የኢሳይያስ አራማይክ ትርጉም፣ ታርጉሙ፣ 52፥13 ላይ «ዐብዲ መሺሓ»፣ ባሪያዬ መሲሕ፣ ነው የሚለው። ጣልያ የለም። ቢሆንም እኔ ይህን ሐሳብ አልጥልም። ቋንቋን የሚወድ ሰው አንዳንዴ ከማስረጃው ይልቅ ጆሮውን ይሰማል።

አሁን ወደ «አገልጋይ»። ክርክሩን አውቀዋለሁ። «ዔቤድ የክብር ስም ነው፤ ሙሴም ዳዊትም ተጠርተውበታል፤ በባሪያ መተርጐም ማዋረድ ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እንዲያውም ልጨምርላቸው፤ ኤርምያስ 25፥9 ላይ ኢየሩሳሌምን ሊያፈርስ የሚመጣው ናቡከደነፆር እንኳ «ባሪያዬ» ተብሏል። ግን ከዚህ «አገልጋይ» እንዴት ይወጣል? ናቡከደነፆር ምን አገለገለ? ቃሉ የሚናገረው የማን ንብረት፣ የማን ታዛዥ እንደሆነ ነው።

ደግሞ «አገልጋይ» ዛሬ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሱፍ ለብሶ ፖስተር ላይ ይወጣል። «ታላቅ የእግዚአብሔር አገልጋይ» ይባላል፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ውኃ ይደረግለታል። ኢሳይያስ 53፥2 ግን «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም» ይላል። ይቺን «ደም ግባት» ልብ ይበሉ። መልክ ሲሉት አልበቃቸው፤ ውበት ሲሉት አልበቃቸው፤ ፊት ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ጠብታ ጭምር ነሡት። ቅኔው ገና ሲጀምር፣ 52፥13 ላይ፣ «ከፍ ከፍም ይላል» ብሎ ነው እስከ ታች ድረስ የሚወርደው። ከሥልጣን ወንበር የተነሣ ሰው ወዴት ከፍ ይላል?

ማርቆስ 10ንም ይዩልኝ። ቁጥር 43 «ታላቅ ሊሆን የሚወድ የእናንተ አገልጋይ ይሁን» ይላል። ቁጥር 44 ደግሞ «ፊተኛ ሊሆን የሚወድ የሁሉ ባሪያ ይሁን»። ግሪኩም ሁለት የተለያዩ ቃላት ነው ያለው። ደረጃ በደረጃ እየወረደ ነው። ባሪያን ሁሉ አገልጋይ ካደረጋችሁት ይህ ደረጃ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ብዬም እውነቱን መሸሽ አልችልም። «ባሪያ» እንደ «ገብር» ንጹሕ ቃል አይደለም። ግእዙ ከሥራ ነው የተነሣው፤ አማርኛው ግን ከሰው ሳይሆን አይቀርም። በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ «ባርያ» የአንድ ሕዝብ ስም ነው። ዛሬ በምዕራብ ኤርትራ ያሉት ናራዎች በውጭ ሰው አፍ ለረጅም ጊዜ በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ እነሱ ግን አይወዱትም፣ መብታቸውም ነው። የሕዝቡ ስም ቀድሞ የባርነት ቃል ሆነ ወይስ የባርነቱ ቃል ለሕዝቡ ተለጠፈ የሚለው ያከራክራል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ አውሮፓ ውስጥም የስላቮች ስም በዚሁ ዕጣ አልፏል። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ፤ ቃሉ ግን አልቀረም። ዛሬም በመልክና በዘር ሰው ይሰደብበታል። በዚህ ቃል ተሰድቦ ያደገ ልጅ ፊት ቆሞ «ይሄ እኮ ዔቤድ ነው» ማለት ጨዋነት አይደለም። በስብከትና በልጆች ትምህርት «አገልጋይ» ቦታውን ይዟል። አልወደውም፤ ግን ሰው ተቀብሎታል፣ ምክንያትም አለው። ግን ማርያም «እነሆኝ የጌታ ባሪያ» ያለችውን ማንም ሲነካው አላየሁም። ካህኑም «ባሪያህን» ብሎ ሲጸልይ ማንም አይከፋም።

በጽሑፋችሁ ውስጥ ጥቅሱን ስታሰፍሩ ግን «ባሪያ» ይቆይ። ምክንያቴ አሁን የሚመጣው ነው። ኢሳይያስ 49፥3 «እስራኤል ሆይ፥ አንተ ባሪያዬ ነህ» ይላል። 53፥11 ደግሞ «ጻድቅ ባሪያዬ» ይላል። አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄ ይነሣል፤ ይህ የሚሠቃየው ሕዝቡ ነው ወይስ አንድ ሰው? ክርስቲያኑ ሊቅ ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ዘመን አይሁድ «ስለ ሕዝቡ ሁሉ ነው» ብለው እንደተከራከሩት ጽፏል። በ11ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ የነበረው የአይሁድ ሊቅ ራሺም እንዲሁ እስራኤል ነው ብሎ ተርጕሞታል። ክርስቲያኑ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ክርስቶስ ነው አለ። 53 ላይ ብቻ «ብላቴናው» ወይም «ልጁ» ብትሉት መልሱን ከጥያቄው በፊት ሰጣችሁ ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 8 በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው የእኛው ጃንደረባ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ ሰው?» ብሎ መጠየቅ የቻለው ቃሉ ክፍት ስለነበረ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳይዎ። ኢሳይያስ 53፥7 በአማርኛው ለመታረድ የሚነዳው ጠቦት ነው፣ በሸላቾች ፊት ዝም የሚለው በግ ነው። ጃንደረባው ሲያነበው ግን፣ ሐዋርያት ሥራ 8፥32፣ ወደ መታረድ የተነዳው በግ ነው፣ በሸላቹ ፊት ዝም ያለው ጠቦት ነው። ተገለባብጠዋል። ተርጓሚው አልዘነጋም። አንዱ ዕብራይስጡን፣ ሌላው ሉቃስ የጠቀሰውን ግሪክ ተከትሎ ነው። ይህንንም «እናስማማ» ብላችሁ እንዳትነኩት።

ስለ ቅኔና መዝሙር አጭር መልስ ልስጥ። አራቱን ክፍሎች፣ 42፣ 49፣ 50ንና ከ52፥13 እስከ 53 መጨረሻ ያለውን፣ በ1892 እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ ለይቶ ያወጣቸው ጀርመናዊው በርንሃርድ ዱም ነው። እሱ መዝሙር ነው ያላቸው፤ የሥነ መለኮት ተማሪዎችም «የባሪያው መዝሙሮች» ይላሉ። ደንበኛው ይኸው ነው። ሆኖም «ቅኔ» ያለው ጓደኛዎ ሳያውቀው ጥሩ ነገር ነክቷል። ቅኔ «ቀነየ»፣ ገዛ፣ አስገዛ ከሚለው የወጣ ነው። መዝሙር 2፥11 በግእዝ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር» ሲል ተገዙለት ማለቱ ነው። ቅኔ መጀመሪያ መገዛት፣ የባሪያ ሥራ ነበር፤ ኋላ ነው ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ዜማና ግጥም የሆነው። ችግሩ አንባቢያችሁ ቅኔ ሲባል ሰምና ወርቅ ይፈልጋል፣ ጉባኤ ቃና ይጠብቃል። ስለዚህ ርእሱ ላይ «የባሪያው መዝሙር» ይጻፍ። ጓደኛዎን ግን ስለ ቀነየ ይንገሩት፤ ከፈለገ መግቢያው ላይ አንድ አንቀጽ ይጻፍበት።