የፈንገስ መድኃኒት ከኮሌስትሮል ክኒን ጋር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለኮሌስትሮል ማታ ማታ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። አሁን ለእግር ጥፍር ፈንገስ ኢትራኮናዞል ካፕሱል ታዘዘልኝ። ካፕሱሉን ጠዋት፣ ክኒኑን ማታ ባደርገውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሰዓት ማራራቅ የሚበጀው ሁለት መድኃኒቶች ሆድ ውስጥ ተገናኝተው ሲጣበቁ ነው። የእነዚህ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ሲምቫስታቲንን አንጀትና ጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም ነው። ከዋጡት ክኒን አብዛኛው እዚያው ስለሚፈርስ ሳይፈርስ ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ 5 እጅ አይሞላም። ኢትራኮናዞል ይህን ኢንዛይም ለቀናት ያግደዋል፤ ያኔ ደም ውስጥ የሚገኘው ሲምቫስታቲን ከ10 እጥፍ በላይ ያሻቅባል። አንድ ክኒን ውጠው አሥር እንደዋጡ ይቁጠሩት። መድኃኒቱ በዚህ መጠን ሲጠራቀም የጡንቻ ሕዋስ ይፈርሳል፤ ከውስጡ የሚወጣው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ሲምቫስታቲንና መሰሉ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሎቫስታቲን ከኢትራኮናዞል፣ ከኬቶኮናዞል ክኒን፣ ከቮሪኮናዞልና ከፖሳኮናዞል ጋር ፈጽሞ አይወሰዱም።

የጥፍር ፈንገስ የሚያጣድፍ በሽታ አይደለም፤ ሐኪምዎን ቀስ ብለው ለማማከር ጊዜ አለዎት። ተርቢናፊን የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት 250 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት (ለእጅ ጥፍር 6) ይሰጣል። ይህን ኢንዛይም ስለማይነካ ከሲምቫስታቲን ጋር አይጣላም፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። ኢትራኮናዞሉ የግድ ከሆነ የኮሌስትሮሉ መድኃኒት ወደ ሮሱቫስታቲን ወይም ፕራቫስታቲን ይቀየርልዎ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኢትራኮናዞል አንድ ሳምንት ተወስዶ ሦስት ሳምንት በሚታረፍበት አወሳሰድ፣ በዕረፍቱ ሳምንታት ወደ ሲምቫስታቲን ይመለሳል። ካፕሱሉ ቢቆምም ኢንዛይሙ ወዲያው አይለቀቅም፤ ቅያሬው ሕክምናው እስኪያልቅ መቆየት አለበት።

ጥያቄ፦ አቶርቫስታቲን 20 እወስዳለሁ። ለብልት ፈንገስ ፍሉኮናዞል 150፣ አንድ ፍሬ ብቻ ተሰጠኝ። ልፍራ?

መልስ፦ አይፍሩ። አንዲት ፍሬ በአብዛኛው ችግር አታመጣም። ነገሩ የሚለወጠው ፍሉኮናዞል ለሳምንታት ሲወሰድ ነው። ለምሳሌ ፈንገስ በሚያመጣው በክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር በቀን 800 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት፣ ከዚያም በቀን 200 ለረጅም ጊዜ ይታዘዛል። እንዲህ ላለ ታማሚ የኮሌስትሮሉ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል። የኤችአይቪ መድኃኒታቸው ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ደግሞ ፈንገስ ኖረም አልኖረም ሲምቫስታቲን አይወስዱም፤ ሪቶናቪርም ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል።

ጥያቄ፦ ቅባትና ሻምፖስ? ለልጄ አፍ የተሰጠው ናይስታቲንስ ከስታቲኖቹ (ከኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ) ወገን ነው?

መልስ፦ ለጭርት የሚቀባ ክሎትሪማዞል፣ ለፎሮፎር የሚታጠቡበት የኬቶኮናዞል ሻምፖ፣ ሁለቱም ወደ ደም የሚገቡት እዚህ ግባ በማይባል መጠን ስለሆነ ይጠቀሙባቸው። ከዚህ የሚለየው የማይኮናዞል የአፍ ጄል ነው፤ ስለሚዋጥ ሲምቫስታቲን ለሚወስድ ሰው አይሰጥም። ናይስታቲን ስሙ ነው የሚያሳስተው። የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ስሙም ከተገኘበት ከኒው ዮርክ ስቴት የተወሰደ ነው። የሚገርመው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን ራሱ ከሻጋታ የተገኘ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ሊፒቶር 40 እልክላታለሁ። እዚያ ደግሞ ኢትራኮናዞል አዘዙላት።

መልስ፦ ሊፒቶር አቶርቫስታቲን ነው። ከኢትራኮናዞል ጋር ደም ውስጥ የሚገኘው መጠኑ ወደ 3 እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ከሲምቫስታቲን ይሻላል፣ ግን የሚወሰደው በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። እናትዎ 40 እየወሰዱ ከሆነ ያዘዘላቸው ሐኪም ዛሬውኑ ይወቅ። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት እዚያ ባለው ካርዳቸው ላይ አይጻፍም፤ ክኒኑ ከዕቃው ወጥቶ በላስቲክ ከተጠቀለለማ ፋርማሲስቱም አያውቀውም። የዕቃውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ስልካቸው ላይ ይላኩ፤ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ በደንብ ይታይ። ዞኮር ማለት ሲምቫስታቲን፣ ክሬስተር ማለት ሮሱቫስታቲን ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ አምሎዲፒን ካለ ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ ሲምቫስታቲንና ኢትራኮናዞል ዘጠኝ ቀን አብሬ ወሰድኩ። ሁለቱንም ጭኔን ያመኛል፤ ደረጃ መውጣት ከብዶኛል።

መልስ፦ የዛሬ ማታውን ሲምቫስታቲን አይውሰዱ፤ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሁለቱንም መድኃኒት ከነካርቶናቸው ይያዙ። የሚታዘዘው ምርመራ ሲኬ (ክሬአቲን ካይኔዝ፣ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ)፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳይ) እና ሽንት ነው። ሲኬው ከጤናማው ጣሪያ ከ10 እጥፍ ካለፈ አደገኛ ነው። ሽንትዎ ኮካ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ ግን ነገ አይበሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄዱት። ለሕመሙ ብለው ዳይክሎፌናክ ገዝተው እንዳይውጡ፣ መርፌውንም እንዳይወጉ፤ የተጨነቀ ኩላሊት ላይ ሌላ ጫና ነው። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የደረሰበት ወይም ስቴንት (የልብ ደም ሥር ማስፊያ ቱቦ) የገባለት ሰው ደግሞ ስታቲን ሳይወስድ እንዳይቆይ፣ የሚተካውን በዚያው ቀን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፈንገሱ ድኖ ሲያበቃ ወደ ሲምቫስታቲን በስንት ቀን እመለሳለሁ?

መልስ፦ ከፍሉኮናዞል በኋላ አንድ ሳምንት፤ ከኢትራኮናዞል በኋላ ሁለት ሳምንት።