ከሰይጣን ድልድይ በታች፦ ስለ ጌሸነን የጠየቃችሁኝ

ጌሸነን በስዊዘርላንድ ኡሪ በሚባለው ካንቶን (ክፍለ አገር በሉት)፣ በአልፕስ ተራሮች መሀል ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሮይስ ወንዝ ከሾለነን ገደል ተንደርድሮ የሚወጣው እዚያ ነው። ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የጎትሃርድ መንገድ እውነተኛ ዳገቱን የሚጀምረውም እዚያው ነው። የምኖረው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ጥያቄ በዝቶብኛል። ለቅሜ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እርሻ የለ፣ ሜዳ የለ። ሰው ገደል አፍ ላይ መንደር የቆረቆረው ምን አስቦ ነው?

ላምና ፍየል ነበራቸው። ዋናው እንጀራቸው ግን መንገደኛ ነበር ወንድሜ። ገደሉ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አላሳልፍ ብሎ ነበር። ከ1220 እስከ 1230 ባለው ጊዜ ገደማ ሁለት ነገር ተሠራ። አንዱ በሮይስ ላይ የተጋደመ የእንጨት ድልድይ ነው። ሌላው የባሰ ነው፦ ከቋጥኙ ጎን በሰንሰለት የተንጠለጠለ የሳንቃ መንገድ። ከሥሩ ወንዙ ይጮኻል፣ በላዩ የተጫነ በቅሎ ይሄዳል። እኔ አልሄድበትም ነበር።

ያ ከተከፈተ በኋላ ሲራራው ጎረፈ። ከሰሜን አይብና ከብት ወደ ሰሜን ጣሊያን፣ ወደ ሎምባርዲ ይወርዳል። ከደቡብ ወይንና ሩዝ ይመጣል። ጭነቱን ማንም እንደፈለገ አያመላልስም። የየሸለቆው ሰው አጋሰሱን ይዞ እስከ ድንበሩ ያደርስና ለሚቀጥለው ያስረክባል። ጌሸነን ላይ ደግሞ ኬላ ነበር። የኬላው በር ዛሬም መንደሯ ውስጥ ባለ ሌላ አሮጌ ድልድይ ላይ ቆሟል። ከፍለህ ታልፋለህ፣ ካልከፈልክ ትመለሳለህ።

ጥያቄ፦ ድልድዩን ሰይጣን ሠራው ይላሉ። እስቲ ታሪኩን ንገረን።

የኡሪ ሰዎች ድልድዩ አልቆም ሲላቸው አንዱ ተማርሮ «እንግዲህ ሰይጣን ይሥራው!» አለ። ሰይጣን ሆዬ ከተፍ አለ። «እሠራለሁ፤ ግን መጀመሪያ የሚሻገረው ነፍስ የእኔ ነው» አላቸው። ተስማሙ። ድልድዩ ሲያልቅ አንድ ፍየል ነድተው አሻገሩ። ሰይጣን በግኖ ድልድዩን ሊያፈርስ ትልቅ ቋጥኝ ተሸከመ። መንገድ ላይ ደክሞት ሲያሳርፈው አንዲት አሮጊት መጥታ ድንጋዩ ላይ መስቀል ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ወዲያ ማንሳት አቃተው።

ድንጋዩ ዛሬም ጌሸነን አለ። ክብደቱ 220 ቶን ያህል ነው። የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፦ አውራ ጎዳናው ሊያልፍበት ሲሆን መሐንዲሶቹ በ300 ሺህ ፍራንክ 127 ሜትር ገፍተው ወሰዱት። ሰይጣን ያቃተውን የመንገድ ባጀት ቻለው።

ጥያቄ፦ ያ ድልድይ አሁንም አለ?

የለም። በ1595 በድንጋይ ተተካ፤ የድንጋዩም በ1888 ፈረሰ። ከጎኑ በ1830 የተሠራው አሁንም ቆሟል፣ በእግር ይሻገሩታል። መኪና የሚያልፍበት ሦስተኛው ነው፤ እሱ የ1950ዎቹ ሥራ ነው። የሰንሰለቱ የሳንቃ መንገድ ደግሞ በ1708 ቀርቷል። ፒዬትሮ ሞሬቲኒ የሚባል ከቲቺኖ፣ ጣሊያንኛ ከሚነገርበት የስዊስ ክፍል የመጣ ሰው ቋጥኙን በአንድ ዓመት ውስጥ 64 ሜትር ያህል ፈልፍሎ በሳው። በአልፕስ የመጀመሪያው የመንገድ ዋሻ ነው ይባላል።

ጥያቄ፦ ሩሲያዎች እዚያ ገደል ውስጥ ምን ሊሠሩ ገቡ? የሩሲያ ሐውልት አየሁ።

ሐውልት ሳይሆን 12 ሜትር የሆነ መስቀል ነው፣ ቋጥኙ ላይ የተቀረጸ። ጄኔራል ሱቮሮቭ ከጣሊያን ተነስቶ ፈረንሳዮችን እያሳደደ ሰሜን ሊወርድ ነበር። መስከረም 25 ቀን 1799 ድልድዩ ላይ ተፋጠጡ። ፈረንሳዮቹ ከድልድዩ ከፊሉን አፍርሰው ነበር። ሩሲያዎቹ ሳንቃ እየጎተቱ፣ በመኮንኖቹ መቀነት እያሰሩ ተሻገሩ ይባላል። መስቀሉ የተመረቀው በ1898 ነው። የጄኔራሎቹን ክብር ትተን ግን በሺዎች የሚቆጠር የራበው ጦር በዚህች በማታህል ሸለቆ ሲያልፍ የገበሬው ጎተራና በረት ምን ሆኖ እንደቀረ ገምቱት።

ጥያቄ፦ አያቴ ከጣሊያን ናቸው፤ የእሳቸው አያት ጌሸነን ዋሻ ቆፍረዋል ይሉኝ ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል?

በደንብ ይችላል እህቴ። የባቡር ዋሻው በ1872 ሲጀመር ከጌሸነን በተራራው ደቡብ በኩል እስካለችው አይሮሎ 15 ኪሎ ሜትር መብሳት ነበረባቸው። ሠራተኞቹ በብዛት ጣሊያኖች ነበሩ። ጥቂት መቶ ሰው የነበረባት መንደር በ1880 ወደ 3 ሺህ ገደማ ደረሰች። ቤት ከየት ይመጣል? አንዱ ከአልጋው ሲነሳ ሌላው ከሥራ ተመልሶ እዚያው ሙቀቱ ላይ ይተኛል። ዋሻው ውስጥ የዲናሚት ጭስ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ውሃ አለ፣ መጸዳጃ የለም። በዚያ የተነሳ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ተዛምቶ ብዙዎቹን ደም አሳጣቸው። በሽታው የሐኪሞችን ዓይን የሳበው ያኔ ነው።

ሐምሌ 1875 ጭሱና ክፍያው መሯቸው ሥራ አቆሙ። የኡሪ ካንቶን ታጣቂ ላከባቸው። አራት ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። ብዙዎች የመንደሯን ታሪክ ሲያወሩ ሰይጣኑንና ፍየሉን አስረዝመው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ያናድደኛል። በመዝገብ ላይ ያለው የሟች ቁጥር ወደ 200 ይጠጋል። ታመው አገራቸው ገብተው የሞቱት እዚያ ውስጥ የሉም።

ኮንትራክተሩ ሉዊ ፋቭርም የዋሻውን ፍጻሜ አላየም። በ1879 እዚያው ዋሻ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በየካቲት 1880 ከሁለቱም በኩል የመጡት ቆፋሪዎች ሲገናኙ፣ በተከፈተችው ቀዳዳ መጀመሪያ ያሾለኩት የእሱ ፎቶ ያለበትን ቆርቆሮ ሣጥን ነው። ባቡሩ በ1882 ጀመረ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር ይሆን?

የለም። የምኒልክ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ስዊስ መሆኑ ትዝ ብሏችሁ ከሆነ፣ እሱ የፍራውንፌልድ ልጅ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጥግ ነው። በግድ አላዛምድም።

ጥያቄ፦ ባቡር ከመጣ መንደሯ ከተማ መሆን አልነበረባትም?

ለጊዜው ደርቶላት ነበር። የምግብ ሠረገላ ሳይመጣ በፊት ተሳፋሪው ምሳውን የሚበላው ጌሸነን ጣቢያ ወርዶ ነበር። ሾርባውን እየተቃጠለ ጠጥቶ፣ ፊሽካው ሳይነፋ ሮጦ መሳፈር! ከዚያ ባቡሩ ኩሽናውን ይዞ መጣ፣ ጣቢያው ቀዘቀዘ። በ1980 16.9 ኪሎ ሜትር የሆነው የመኪና ዋሻ ሲከፈት ሁሉም ሰው በመንደሯ በኩል ማለፍ ጀመረ፤ የሚቆም ግን ጠፋ። በ2016 ደግሞ 57 ኪሎ ሜትር የሆነው አዲሱ የባቡር ዋሻ ተከፈተና ፈጣኑ ባቡር ጭራሽ ሸሻት። ዛሬ ነዋሪዋ ከ500 በታች ነው። አሁን ለሁለተኛው የመኪና ዋሻ ቁፋሮ ስላለ የሠራተኛ መኖሪያ እንደገና ተተክሏል። የዛሬዎቹ አልጋ አይጋሩም።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ዙሪክ ነኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ ልሂድ?

ሂጂ። ግን ባቡሩን ለይተሽ ያዢ። ፈጣኑን ከያዝሽ ኤርስትፌልድ አልፎ መሬት ውስጥ ይገባና ጣሊያንኛ የሚነገርበት አገር ያወጣሻል፤ ጌሸነንን አታያትም። በአሮጌው መስመር የሚሄደውን ያዢና ጌሸነን ውረጂ። የኬላውን በርና የሰይጣኑን ድንጋይ አይተሽ፣ በ1917 ሥራ የጀመረውን የአንደርማት ትንሽ ባቡር ያዢ። ስትመለሺ በገደሉ ውስጥ በእግር ውረጂ፣ ቁልቁለት ነው። ጃኬት አትርሺ፤ ነፋሱ በበጋም አይምርም።