ስልኬ ጢን ሲል ልቤ ይደነግጣል

ጥያቄ፦ ፒያሳ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው አንድ ደንበኛ «ልኬልሻለሁ» ብሎ በስልኩ ደረሰኝ አሳየኝ። ነጠላውን ይዞ ሄደ፤ ብሩ ግን አልገባም። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማመን አቃተኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። መደንገጥሽ ያለ ነው። ስልክ ላይ ያየነውን ስናምን ልባችን ይቀድመናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች 26 ዓይነት የኤቲኤም ገጽ ለ252 ሰዎች አሳዩ። ሰዎቹ ያማረውን ገጽ «ለመጠቀም ይቀላል» አሉ። ያማረ ነገር እንዲህ ያሳምናል፤ አንቺንም ያሳመነሽ የደረሰኙ ማማር ይመስለኛል።

ስለዚህ የደንበኛውን ስልክ ተዪው። የራስሽን ሒሳብ ከፍተሽ እዪ፤ እስክታዪ ይጠብቅ። እኔ አራት ኪሎ ማኪያቶ ስጠጣ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ስልኳን አይታ «ገብቷል» ሳትለኝ አልወጣም። ተቀይሜያትም አላውቅም።