ልጅ ሲከሰስ፦ ስለ ሜሪላንድ የታዳጊዎች ሕግ ከወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የሜሪላንድ የታዳጊዎች ፍትሕ ሕግ በ2022 ተሻሽሎ በ2024 እንደገና ስለተነካ ግራ የተጋባችሁ ብዙ ናችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ በታዳጊዎች ችሎት በአስተርጓሚነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። በእጃችሁ ጉዳይ ካለ ከጠበቃ ጋር ተመካከሩ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ልጄን ላነጋግረው ቢለኝ «እውነቱን ተናገር» ብዬ ብሰጠው ምን አለበት? ያላጠፋ ልጅ ምን ያስፈራዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎን ጥያቄ ያስቀደምኩት ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። እኛ ቤት ካጠፋ ልጅ ይልቅ የዋሸ ልጅ ያሳፍራል። ስለዚህ ፖሊሱ ገና ወንበር ሳይስብ አባት «ተናገር አንተ!» እያለ ያፋጥጣል። ልጁም ከፖሊሱ ይልቅ አባቱን ፈርቶ ያላደረገውን ጭምር ይናገራል። ያ ቃል ተቀድቶ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ይገባል።

ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በሜሪላንድ በቁጥጥር ሥር ያለ ታዳጊ ከመመርመሩ በፊት ከጠበቃ ጋር መነጋገር አለበት። በስልክም ይሆናል፤ አይከፈልበትም። ልጁም ሆነ ወላጁ «ጠበቃው ይቅር» ማለት አይችሉም። ፖሊስ ለወላጅ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። የሕዝብ ደኅንነት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ለየት ያለ ሁኔታ ይፈቀዳል። ችግሩ ይህ ሁሉ በቁጥጥር ሥር ላለ ልጅ መሆኑ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደ ጨዋታ የሚጠየቅ ልጅ በዚህ ላይሸፈን ይችላል። እዚያ ጋ «ጠበቃ ሳያነጋግር አይናገርም» ማለት የእርስዎ ፋንታ ነው። በትሕትና ይበሉት፤ ነውር የለበትም።

መብቱ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአሪዞናውን የጄራልድ ጎልትን ጉዳይ ወሰነ። የ15 ዓመቱ ልጅ ለጎረቤት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናግሯል ተብሎ፣ ያለ ጠበቃ፣ እስከ 21 ዓመቱ ሊቆይበት ወደሚችል ተቋም ተልኮ ነበር። ያንኑ ትልቅ ሰው ቢፈጽመው ቅጣቱ እስከ 50 ዶላር ወይም እስከ ሁለት ወር እስር ነበር። በታዳጊዎች ችሎት ጠበቃ የማግኘትና ዝም የማለት መብት በመላ አገሪቱ የተረጋገጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም። እዚህስ?

መልስ፦ የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ ይህን ወለል በ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስታስቀምጥ፣ ሜሪላንድ እስከ 2022 ድረስ በሕግ የተጻፈ ዝቅተኛ ዕድሜ አልነበራትም። አሁን በመደበኛው 13 ነው። ከ10 እስከ 12 ያሉ ልጆች የሚከሰሱት በከባድ የኃይል ወንጀሎች ሲሆን፣ በ2024 አንዳንድ የጦር መሣሪያ ጥፋቶችና ሌሎች ጥቂት ድርጊቶች ተጨምረዋል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። እንደ ትልቅ ሰው ልከሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ ጥፋቱ ነው ወንድሜ። እስከ 2024 በነበረው ሕግ፣ ዕድሜው 16 የሞላው ልጅ መሣሪያ ይዞ በመዝረፍ ወይም አስፈራርቶ መኪና በመንጠቅ ሲከሰስ ጉዳዩ የሚጀምረው በአዋቂዎች ፍርድ ቤት ነው። የዕድሜ ልክ እስራት በሚያስከትል ወንጀል ከሆነ ከ14 ጀምሮ ነው። ጠበቃው አመልክቶ ዳኛው ወደ ታዳጊዎች ችሎት የሚመልስበት ጊዜ አለ፤ እስኪመለስ ግን ወራት ይሄዳሉ። በ2022ቱና በ2024ቱ ማሻሻያዎች ያልተነካው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ልጅ መሆንህን ማስረዳት የአንተ ሸክም ሆኖ ቀርቷል።

ዘመድ ጋ ልትሄድ ካሰብክ ደግሞ ዕወቀው፦ ቴክሳስና ጆርጂያ፣ ማለትም ዳላስና አትላንታ፣ የ17 ዓመት ልጅን በማናቸውም ወንጀል እንደ አዋቂ ሲከሱ ኖረዋል። ኒው ዮርክና ኖርዝ ካሮላይና በ2017 ባወጡት ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርገዋል። ሉዊዚያናም አድርጋ ነበር፤ በ2024 መልሳ አወረደችው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርዳችን ይነካል?

መልስ፦ የታዳጊዎች ችሎት ውሳኔ በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2000 እንዲህ ወስኗል። ለኛ ሰው ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤት ታየ የሚለው ነገር ይህን ያህል የሚያስጨንቀውም ለዚህ ነው፤ እንደ አዋቂ ተፈርዶበት ከሆነ ያ ጥበቃ አይኖርም። በታዳጊዎች ችሎት ቢሆንም አደንዛዥ ዕፅ መነገድን የመሰለ ድርጊት ያለ ፍርድም ጣጣ ያመጣል።

«ፋይሉ ተዘግቷል» ብላችሁ በዜግነት ማመልከቻው ላይ እስርን አትደብቁ። ቅጹ የተዘጋና የተሰረዘ መዝገብንም ይጠይቃል፤ ከጥፋቱ ይልቅ መደበቁ ሊጎዳ ይችላል። የወንጀል ጠበቃችሁን «የጥፋተኝነት ቃል ብንሰጥ ኢሚግሬሽን ላይ ምን ያመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ2010 ወዲህ ይህን ማስረዳት ግዴታው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሰበረውን እኔ ልከፍል ነው?

መልስ፦ ዳኛው ወላጅን ካሳ ማስከፈል ይችላል። በሜሪላንድ ጣሪያው በአንድ አጋጣሚ ለአንድ ልጅ 10,000 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ማሻሻያ ልጆቹን አላባለገም? መኪናዬን ሰርቀውኛል።

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ የ2024ቱ ለውጥ የመጣውም ከእንዲህ ያለ ንዴት ነው። አሁን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መኪና ቢሰርቅ በወንጀል ባይከሰስም፣ ቁጥጥር እንደሚያስፈልገው ልጅ ተቆጥሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ቀድሞ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችል ነበር፤ ቤተሰቡም ምክር ሳያገኝ፣ ልጁም ጠያቂ ሳይኖረው ይከርማል። የ12 ዓመት ልጅን ማሰር ግን መኪናዎን አያስመልስም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ ያስተርጉምልኝ?

መልስ፦ በፍጹም። ተከሳሹ ራሱ እርሱ ነው። ኢንቴክ ላይ፣ ማለትም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በሚጣራበት ቃለ መጠይቅ፣ ሠራተኛዋ «ስድስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቷል» ስትል ልጁ «ጎበዝ ተማሪ ነው አለች» ብሎ ሲያስተረጉም ጆሮዬ ሰምቷል፤ እናትየዋም ፈገግ ብለው አመሰገኗት። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ ማመልከቻው ከቀጠሮው አስቀድሞ ይግባ።